ታወሩ ከመጣ

ትግሉ በሞተ በዘጠነኛው ቀን ለወንድሙ ስለ ኮምፒውተር ጻፈለት።

«ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ፣ ላፕቶፑን ቀየሩት፣ ትንሹን ዴስክቶፕ ቀየሩት፣ ያንን ታወር ግን ረስተውታል፣ አይመጣም ብዬሃለሁ፤ እርምህን አውጣ» ይላል መልእክቱ።

ረዳ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ባለችው ሱቁ ሆኖ አነበበውና ብቻውን ሳቀ። ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ስልኩን ለሚስቱ ዘረጋላት። «አየሽልኝ? ከተማው እላዩ ላይ እየነደደ፣ ይሄ ጉደኛ ዛሬም አይመጣም ነው የሚለው!» ብፅአት አየችው። ማየት አላስፈለጋትም ነበር። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጓዳ ገብታ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ፣ ሽንኩርት በነካው ጣቷ የጻፈችው እሷ ናት።

«እርምህን አውጣ» የሚለውን ከሌላ ቦታ አላመጣችውም። ትግሉ ራሱ ዓምና የጻፈውን ነው ቃል በቃል የገለበጠችው። ከላከችው በኋላ ደግማ ስታነበው ግን የማሽላው በርሜል ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣው። ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ የተነሳው በፋሲካ ዋዜማ ነው። ትግሉ እዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሯል፤ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ በሙያው ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከተከራያት ክፍል ሳይወጣ፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ስልኩን እየሞላ ለወንድሙ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ባለ በአራተኛው ቀን ጣሃ መጣ።

ጣሃ ከትግሉ ጋር አንድ ግቢ ይኖር የነበረ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከጎንደር መጥተው እዚያው የቀሩ። በሎሪ ሦስት ቀን ተንገላትቶ ገዳሪፍ ሲገባ ጺሙ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ረዳ ሱቅ ሄዷል። ብፅአት በሩን ስትከፍትለት ጣሃ ሰላም እንኳ ሳይላት ሁለት መዳፎቹን ወደ ደረቱ ከፍ አደረገ፤ ለሐዘንተኛ የሚቀራውን ፋቲሃ ሊቀራ። ፊቷን ሲያይ እንዳልሰማች ገባው፤ እጆቹን ቀስ አድርጎ አወረዳቸው። ብፅአት ሱዳን ተወልዳ ያደገች ናት። መዳፍ በደጃፍ ሲነሳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ጣሃ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መርዶውን ሰማች።

«ማን ነው?» አለችው፣ እያወቀች።

«ትግሉ ነው እህቴ። ግቢያችን ውስጥ ነው የወደቀው፣ እዚያው ቀበርነው። በራሱ አንሶላ ገነዝነው። ወላሂ ሌላ አጥተን ነው።» ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አወጣ። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ትግሉ ስልኩን ቆልፎ አያውቅም ነበር፤ የምደብቀው የለኝም ይል ነበር።

ብፅአት ጩኸቷን በነጠላዋ አፍና አያ ስንሻውን አስጠራች። አያ ስንሻው የገዳሪፍ ሐበሾች የዕድር ዳኛ ናቸው፤ በዚያ ከተማ እሳቸው ያልቆሙበት መርዶ የለም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ፦ ማለዳ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ዘመድና ጎረቤት ደጅ ላይ ተሰብስቦ። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ በምሽት አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም። ጣሃን አስቀምጠው ሁሉን ጠየቁት። 

«ትዕበ ስንት ወሯ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ትዕበ የሁለቱ ወንድማማቾች ብቸኛ እህት ናት። ወድ ኤል ሒለው በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ነው የምትኖረው። ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። ይሄ ሦስተኛዋ ነው፤ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች።

«እንግዲያው ትዕበ ሳትገላገል ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም» አሉ አያ ስንሻው። «ለረዳ ብቻ እንንገረው ብንል፣ ረዳ አልቅሶ የሚደብቅ ሰው አይደለም፤ በማግስቱ ወድ ኤል ሒለው ይሰማል። ሁለቱም በአንድ ማለዳ ይረዳሉ።»

ጣሃ አልተዋጠለትም። «አያ፣ በእኛ ዘንድ ሞት አያድርም። የወንድሙን መሞት የማያውቅ ሰው ሲስቅ እያየሁ እንዴት ነው የምቀመጠው? ይከብዳል እኮ።»

«ይከብዳል» አሉ አያ ስንሻው። «እንሸከመዋለን።»

ያልታሰበው ረዳ ነው። የወንድሙ ዝምታ ሳምንት ሲሞላው ሻንጣ አወጣ። ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ። «በካርቱም መንገድ እስከ መዳኒ የሚመለስ ሎሪ አለ» አለ፤ «ከመዳኒ ወዲያ በእግሬም ቢሆን እገባለሁ።» በዚያ ሰሞን ያገሩ ሰው ሁሉ ከካርቱም ወጥቶ በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ጠረፉ ወደ ገላባት ይጎርፋል፤ እሱ ብቻውን ተቃራኒውን ሊሄድ ተነሳ። ለመነችው። ተቆጣችው። መታወቂያውን ደበቀችበት። «ወንድሜ ነው ብፅአት» ከማለት በቀር አልመለሰላትም። ቢሄድ ይሞታል። ብትነግረው ትዕበ ትሰማለች። በሁለቱ መካከል ያለው ያ የተሰነጠቀ ስልክ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ረዳ ሱቅ እንደሄደ ስልኩን ከተደበቀበት አወጣችው። ሲሙን ነቅላ፣ የቤቱን ኢንተርኔት አገናኝታ፣ የሁለቱን ወንድማማቾች መልእክት ከፈተች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጻጻፉ የኖሩትን ወደ ላይ እየሳበች አነበበች። ደህና ነህ ወይ አይባባሉም። ናፍቀኸኛል የሚል አንድ መስመር የለም። የወንድ ልጅ ነገር! ያለው ሁሉ ኮምፒውተር ነው።

ጠባቸው ስለ አንድ ማሽን ነው። ማሽኑን የሚሠራው ኩባንያ ኮምፒውተሮቹን ከሌላ በሚገዛው ፕሮሰሰር ነበር የሚሠራቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ተነሳና፣ ከእንግዲህ ፕሮሰሰሩን ራሴ እሠራለሁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉንም እቀይራለሁ አለ። ቀየረም፤ አንድ ብቻ ቀረው። እሱም ትልቁ፣ ቪዲዮ አቀናባሪዎች የሚመኙት፣ ቆሞ የሚቀመጠው ታወር ነው። ሁለት ዓመቱ አለፈ፣ ታወሩ አልመጣም። በየሳምንቱ አንድ ወሬ ይነሳል፤ በዚህ ወር ነው፣ የለም ተሰርዟል፣ ስንት ኮር ይኖረዋል፣ ሜሞሪው እንደ ድሮው ይጨመርበታል ወይስ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ረዳ ይመጣል ባይ ነው። ትግሉ አይመጣም ባይ።

እንግዲህ ጉድ በሉ፦ ገዳሪፍ ውስጥ የተማሪ ፎርም ፎቶ ኮፒ የሚያደርግ፣ አሮጌ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው፣ በሕይወቱ ሊገዛው የማይችለው ማሽን መጣ አልመጣ ብሎ ሦስት ዓመት እንቅልፍ ያጣል። ብፅአት ሁሌ በዚህ ትስቅበት ነበር። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ግን አንድ የድሮ መልእክት ላይ ደረሰችና ሳቋን ዋጠችው።

ረዳ፦ «ለስንተኛ ጊዜ ልለምንህ? ና እዚህ አብረን እንሥራ።»

ትግሉ፦ «እንወራረድ፣ ታወሩ በአዲሱ ፕሮሰሰር ከመጣ፣ የራሴን አሮጌ ታወር በትከሻዬ ተሸክሜ ገዳሪፍ እገባለሁ፣ ካልመጣ ዳግመኛ ና እንዳትለኝ»

ረዳ ሱቁ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ምንም የማይቀመጥበት ጠረጴዛ አለው። ሰው ዕቃ ሲያስቀምጥበት ይቆጣል። ብፅአት ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም ነበር። አሁን አወቀች፤ ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ማሽን አይደለም።

እና ጻፈች። ረዳ ሻንጣውን ፈታ። መደወል ሲጀምር ደግሞ፣ «ድምፅ አይሠራም፣ ማይኩ ተበላሽቷል፣ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያልፈው» ብላ ጻፈችለት። አመነ።

በየሁለት ቀኑ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንጫጫው፣ ብፅአት ጓዳ ገብታ ትግሉን ትሆናለች። መጀመሪያ የድሮውን ነበር የምትገለብጠው። በኋላ የድሮው አልበቃ አላት፤ ረዳ አዲስ ወሬ ያመጣል፣ አዲስ መልስ ይፈልጋል። ትግሉ ምን ይል ነበር ብላ ዓይኗን ጨፍና ታስባለች። ድምፁ ይመጣላታል። «እባክህ ተወኝ» የሚለው፣ ምላሱን ጠቅ አድርጎ። እያደረ ማሰቡም ቀረ፤ ስልኩን ስትይዘው አውራ ጣቷ ቀድሟት ይሄዳል። አራት ነጥብ እንደማያደርግ፣ ቁጥርን በፊደል እንደሚጽፍ፣ ሲናደድ አንድ ቃል ብቻ ልኮ እንደሚጠፋ አውራ ጣቷ ለምዶታል። ፈራች። አንድ ቀን ከረዳ ጋር ምሳ እየበሉ የሆነ ነገር ሲያወራት ምላሷን ጠቅ አደረገች። ረዳ ጉርሻውን ይዞ ቀረ።

«ምን ሆንሽ?» አለ። «ትግሉን መሰልሽኝ።»

«አብረን ስንኖር ተጋብቶብን ይሆናል» አለች። ከትግሉ ጋር የኖረችው የሰርጓን ሳምንት ብቻ ነው።

ቤቱም ጤና አጣ። ምስጢሩ ከዚያ ክፍል ማምለጡ አልቀረም፤ ከረዳና ከትዕበ በቀር የገዳሪፍ ሐበሻ ሁሉ ሰምቶ አፉን ይዟል። የዕድሩ ሴቶች ሊጠይቋት እያሉ ይመጣሉ፤ ጓዳ ገብተው አፋቸውን ይዘው ያለቅሱና፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ረዳን ስቀው ሰላም ብለውት ይወጣሉ። ገበያ ውስጥ ሰው ሁሉ ለረዳ ደግ ሆነ። ሥጋ ሻጩ መርቆ ይቆርጥለታል። ከሱቁ ፊት ለፊት የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ሁሌ የሚሰድበው፣ ሲያልፍ ከወንበሩ ይነሳለታል። ረዳ ሞኝ አይደለም። ያስተውላል፣ አይናገርም።

ያበላሸችው ደግሞ ራሷ ናት። አንድ ቀን ረዳ አሳዝኗት፣ ተስፋ ልስጠው ብላ፣ «ማን ያውቃል፣ ይመጣም ይሆናል» ብላ ጻፈች። ማታ ረዳ ምግብ አልበላም። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ቆየ።

«ትግሉ ይመጣም ይሆናል አለኝ» አላት።

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«ትግሉ እንዲህ ብሎ አያውቅም።» ቀና ብሎ አያት። ብፅአት ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ረዳ ተለወጠ። ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው በሰፈሩ ሲያልፉ ካየ፣ ከደጃፉ ቆሞ ወደ እሱ ይመጡ እንደሆን ይጠብቃል። ካለፉ ይተነፍሳል። ለትግሉም መልስ አልሰጠውም። ብፅአት ለአያ ስንሻው ነገረቻቸው፤ እሳቸውም «ልቡ እየተዘጋጀ ነው፣ ተይው፤ አትጻፊ» አሏት። መስማት ነበረባት።

በዚያው ሳምንት ጣሃ ሊጠይቃት መጥቶ፣ ካርቱም ከቀረ ሰው የሰማውን ነገራት። የትግሉ ክፍል ተዘርፏል። በሩ ያው ሰማያዊ ቀለሙ እንዳለ ነው፣ መጋረጃውም አልተነካም፤ ከውጭ ያየ ሰው ያለ ይመስለዋል። ውስጡ ግን ምንም የለም፣ ባዶ ወለል ነው። ጣሃ ሲሄድ ብፅአት በሩን ዘጋች። ያንን ክፍል ከሐሳቧ ልታወጣው አልቻለችም። አትጻፊ የተባለችው ሴትዮ ጓዳ ገባች፤ ስልኩን አነሳች። ምን እንደምትጽፍ አላሰበችም። ጣቷ ጻፈ፦

«እሺ ይመጣል እንበል ኬዙ ያው የድሮው ነው ቀለሙም ያው ስትከፍተው ግን ባዶ ቦታ ሞልቶታል ሜሞሪ አያስጨምርህም ግራፊክስ ካርድም አይቀበልህም ቦታ አለ ግን ምንም አታስገባበትም»

ከላከችው በኋላ ራሷ አነበበችው። ሜሞሪ የሚለውን ቃል ከድሮው መልእክት ታውቀዋለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። ይሄን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከየትኛውም የድሮ መልእክት አልገለበጠችውም። ወደ ላይ እየሳበች ብትፈልገውም የለም። 

የረዳ መልስ ከደቂቃ በኋላ መጣ። «እብድ! አዲስ ፕሮሰሰር በድሮ ኬዝ? ባዶ ታወር ማን ይሠራል? አሁን ገና ወንድሜን አገኘሁት!» ማታ እየዘፈነ ገባ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ትዕበ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት፣ ትልቅ ዓይን ያላት አሉ። ረዳ ለትግሉ «አጎት ሆነሃል» ብሎ ጻፈ፤ ብፅአት «እንኳን ደስ አለን» ብላ መለሰችና ስልኩን ማሽላው ውስጥ መልሳ ደበቀችው። አያ ስንሻው ቀን ቆረጡ፤ አራሷ ጥቂት ትጠንክርና፣ ማክሰኞ ማለዳ። ለትዕበ እሳቸው ራሳቸው ወድ ኤል ሒለው ወርደው ሊነግሯት፣ ለረዳ ጣሃና የዕድሩ ሽማግሌዎች በዚያው ሰዓት ሊመጡ ተቀጣጠሩ። ብፅአት ሰኞ ቀን አያ ስንሻውን ሸኘች። አንድ ሌሊት ብቻ ቀራት።

ሰኞ አመሻሹ ላይ ረዳ ሱቁን ሳይቆልፍ እየሮጠ መጣ። በሩን በትከሻው ነው የከፈተው።

«መጣ!» አለ። «ብፅአት፣ መጣ! ታወሩ መጣ! አሁን፣ አሁን ነው ያወጁት!»

ያለቅሳል። በሃምሳ ዓመቱ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ስልኩን ዓይኗ ሥር እያደረገ ያለቅሳል። ሥዕሉን አየችው፤ ብረት የለበሰ ሣጥን፣ ሌላ ምንም አልታያትም።

«ኬዙን እይው! ያው የድሮው ነው! ውስጡን አሳይተዋል፤ ግማሹ ባዶ ነው። ሜሞሪው አይጨመርም አሉ። ካርድ መሰኪያ አለው፣ ግራፊክስ ካርድ ግን አይቀበልም። ትግሉ ቃል በቃል ያለው ነው! አንድም አልሳተም!» ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልንገርሽ? ሞቷል ብዬ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ ልቤ ሞቷል ሲለኝ ነበር። የሰዉን ፊት አይቼ። አንቺንም አይቼ። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ዛሬ ነው እል ነበር። አሁን ግን... ይሄን ከእሱ በቀር ማን ያውቃል? ሙት ይሄን አይጽፍም።»

ብፅአት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልቡ ተዘጋጅቶ ነበር። ሙቱን መልሳ ያስነሳችበት እሷ ናት።

ረዳ ተነስቶ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተ። «ተወራርደናል፣ ተሸንፏል፣ መምጣት አለበት። ግን ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ብቻውን አይወጣም፤ እኔ ላውጣው። ሎሪው ከንጋት በፊት ነው የሚነሳው፣ ሾፌሩን በስልክ አነጋግሬዋለሁ፣ እዚያው ሎሪው ጋ ነው የማድረው።»

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ማለዳ ነው። አያ ስንሻው ሩቅ ናቸው። በምሽት አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ሥርዓቱን ታውቃለች። ረዳ ሁለተኛውን ሱሪ አጥፎ ሻንጣው ውስጥ አስገባ።

«አትሂድ» አለች።

«አታስቂኝ ብፅአት።»

«ረዳ፣ ትግሉ የለም።»

ሳቀ። እውነቱን ነው የሳቀው። «ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ዞሮ አያት። «ሜሞሪ ምንድን ነው? እስቲ ንገሪኝ። ግራፊክስ ካርድ ምን ይሠራል?»

 አታውቅም። ረዳ ራሱን ነቀነቀና የሻንጣውን ዚፕ መዝጋት ጀመረ። ብፅአት ጓዳ ገባች። ከማሽላው በርሜል ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ሰዳ ስልኩን አወጣችው፤ እህሉን አራግፋ ከፊቱ ቆመች። ረዳ የተሰነጠቀውን መስታወት አየ። ዚፑ ላይ ያለው እጁ ቆመ፤ ግን «ልኮልሽ ይሆናል» አለ። «ሰው ስልኩን ይልካል። ሰው ስልክ ይቀይራል።»

ብፅአት ዓይኗን ከዓይኑ ሳታነሳ ጻፈች። ምን እንደምትጽፍ አሁንም አላሰበችም። ላከችው።

ረዳ ለወንድሙ ብቻ ለይቶ ያስቀመጠው ጥሪ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አላወጣውም። አውራ ጣቷን ነበር የሚያየው። ሁለተኛ ስትነካው ሁለተኛ ጮኸ። ያኔ አወጣውና አነበበ።

«አሸነፍከኝ»

ትግሉ በሕይወቱ ለማንም ብሎት የማያውቀው ቃል ነው። ከሥሩ ደግሞ ያው ቃል እንደገና። ረዳ ስልኩን ሻንጣው ላይ አስቀመጠው፣ ቀስ አድርጎ፣ እንዳይሰበር። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጩኸቱ የወጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲወጣ ግን ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆመ። ጣሃና ሽማግሌዎቹ ማለዳ ሲደርሱ የሚነግሩት ሰው አጡ። ጣሃ ገብቶ መዳፎቹን አነሳ፤ በዚህ ጊዜ አላወረዳቸውም።

ወድ ኤል ሒለው ላይም ለእህቱ በዚያው ማለዳ ተነገራት። ትዕበ ልጇን አቅፋ አለቀሰች አሉ፤ ወተቷ ግን አልደረቀም። ይሄ ለብፅአት የቀራት መጽናኛ ነው።

ዳስ ተጣለ። ረዳ የወንድሙን ፎቶግራፍ ራሱ አተመው፤ ለሌላ ሰው ስንቱን አትሟል። ፎቶው የሚቆምበት ሲጠፋ ከሱቁ ያንን ባዶ ጠረጴዛ አስመጣ። በሠልስቱ፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ብፅአትን ጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ሌላውን ገልብጠሽዋል፣ እሺ። ያንን የባዶውን ኬዝ ነገር ግን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ስለ ክፍሉ እያሰብኩ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። አመናት አላመናት አልታወቃትም። እሷም ራሷን አታምን።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ውስጥ የለቀስተኛ ብርጭቆ እያጠበች ሳለ፣ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው የተሰነጠቀው ስልክ ጮኸ። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከፈተችው። ከረዳ ነው። ረዳ ዳሱ ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጧል።

«ሜሞሪውን ግን አንተ ነህ ያሸነፍከው» ይላል።

አውራ ጣቷ ወደ ፊደሎቹ ሄደ። ምን ሊመልስ እንደሆነ ታውቃለች፤ ምላሱን ጠቅ ሲያደርግም ሰማችው። ጣቷን በሌላ እጇ ይዛ መለሰችው፤ ስልኩን ዘግታ በርሜሉ ውስጥ ማሽላው ሥር ቀበረችው። ግን ከፍታ አንብባዋለች፤ በረዳ ስልክ ላይ መነበቡን የሚነግሩት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል። በግድግዳው ቀዳዳ አየችው። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መልሱን ይጠብቃል።